ከብት ቀጠሮ አይበላም

ሐሮ ሜዳ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለናዲያ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታዬ ላንቺና ለሂክማዬ ይድረስ፤ ከተረፈ ደግሞ ለባልሽ ለሀይደር። እኛ አልሐምዱሊላህ ነፍሳችን አለች። ስልክህን ለምን አታነሳም ብለሽ በሾፌሩ በጉዲና የላክሽብኝ ቁጣ ደርሶኛል። የቴሌው ማማ ከተቃጠለ ወዲህ ስልካችን ለመብራት ካልሆነ ለሌላ አይረባም። እንግዲህ እንደ አባቶቻችን እንጻጻፋለን። የጉዲና አውቶቡስ ከላምበረት ሲወርድም ሲወጣም ያመላልስልናል።

ጨፋው እንዴት ነው ብለሻል። የቱ ጨፋ? አንቺ ጥጃ የጠበቅሽበት፣ በበጋ ውሃ ያቆር የነበረው የወንዝ ዳር ሣር ታርሶ ጉሎ ሆኗል። ከዋርካው ጀምሮ እስከ ጋራው ሥር ጉሎ ነው። ቅጠሉስ ያምራል፤ ግን ፍየል እንኳ አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ወንዙን በፓምፕ ስበው ጨረሱት፤ በሚረጩት መድኃኒት ንቡም አልቋል። ዙሪያውን ሽቦ አጥረው ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አቁመዋል። በጋውን ከብቶቻችንን የሚያሻግርልን ያ ሣር እንደነበረ ባልሽ ያውቃል፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው።

የማለውንም አትረሽም። የጉሎ እርሻው ድርጅት ሰው ሆኖ መጥቶ ዋርካው ሥር፣ ደም በሚያደርቁት ሽማግሌያችን በአባጋሩ ፊት፣ ቁርአን ይዞ «የሣራችሁን ምትክ ከዘይት መጭመቂያው ፋጉሎ እሰጣችኋለሁ፤ አንድ ከብት ቢራብ እኔን ጠይቁኝ» አለ። አማቻችን ነው ብለን አመንን። በሬ ከአራጁ ይውላል ማለት ይሄ ነው። ፍሬያችን ተለቅሞ፣ ወደናንተ ከተማ ተጭኖ፣ ተጨምቆ ዘይቱ ወጣ፤ ፋጉሎው ግን የለም። ስንጠይቅ «ቆዩ፣ መቀቀያ ማሽን እየመጣ ነው» ይሉናል።

ከብት ቀጠሮ አይበላም ናዲያ። ወርቄ ትናንት ተኝታ መነሳት አቅቷት በጅራትና በቀንድ ይዘን አነሳናት። አንቺ ላምበረት የመኖ ሱቅ አለሽ፤ ፋጉሎውም ከሰሚት ወዲያ ካለው መጋዘናቸው ተከምሯል አሉ። ሀይደርን አትጠብቂው፣ ፈቃድም አትጠይቂው። አስጭነሽ ላኪልኝ። ከዘገየሽ የምልክልሽ ቆዳቸውን ነው።

ወንድምሽ ሙዘሚል

*

ላምበረት፣ ከሱቄ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ብቻ ሳይሆን አባትም ለሆኑኝ ለጋሼ ሙዘሚል፣

እንደምን ሰነበቱ? ልጅዎ ሙኽታርስ እንዴት ነው? እናቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነው አሉኝ። እኛ በአላህ ፈቃድ ደህና ነን። ሂክማ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ እርስዎን ቁርጥ ሆናለች።

ፋጉሎው እነሆ! ሀይደር ለሥራ ውጭ አገር ሄዷል፤ እኔም እንዳሉኝ ፈቃዱን አልጠበቅሁም። የመጋዘኑ ጠባቂ የአቶ ሀይደር ሚስት ነኝ ስለው በሩን ከፈተልኝ። አንድ አይሱዙ ሙሉ አስጫንኩ። ሽታው ከኑግ ፋጉሎ ትንሽ ይለያል፤ ከብቶቹ መጀመሪያ ሊጠየፉት ይችላሉ፤ ጨው ነስንሰው ቢሰጧቸው ይለምዱታል። ለጎረቤትም ያካፍሉ። ሀይደር ሲመለስ ይቆጣ ይሆናል፤ ቁጣውን እኔ እችለዋለሁ።

በጉዲና በኩል «መጥቼ ፊት ለፊት ላናግረው፣ የት ነው የማገኘው?» ብለው ጠይቀውኛል። ቦሌ ያለው ቢሮው መስታወት በመስታወት ነው፤ ቀጠሮ የሌለውን ዘበኛው አያስገባም። ሲመለስ እሱን ለማግኘት የሚሻለው መገናኛ ነው። ጠዋት ከሰሚት ከመጣበት ታክሲ ወርዶ የቦሌውን ከመያዙ በፊት ከባቡሩ ድልድይ ሥር ያለችው ሻይ ሻጭ ዘንድ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ግራጫ ኮቱን አያወልቅም፤ እዚያ ያጡታል ብዬ አልፈራም። ይምጡና ይምከሩት፤ እርስዎን ያከብራል።

ጉሎው ለምንድን ነው ላሉት ደግሞ፣ ዘይቱ የአውሮፕላን ነዳጅ ይሆናል ይላል። ጭሱ አየር አይበክልም አሉ። እዚህ ሰሚት አውሮፕላኖቹ ቀኑን ሙሉ በላያችን ሲያልፉ ልብሴን እያሰጣሁ ቀና እልና ያ ጨፋችን ነው የሚበረው እላለሁ። ይሳቁብኝ እንግዲህ።

ታናሽዎ ናዲያ

*

ሐሮ ሜዳ
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዲያ፣

ሰላምታ የለኝም።

ከብቶቹ በሉት ወይ ብለሻል። በሉት። እንዳልሽው ጨው ነሰነስንበት፤ ርቧቸዋልና ጆንያውን ጭምር ላሱት። ጎረቤት ሁሉ ለአንቺ ዱዓ አደረገ። በማግስቱ ወርቄ ከአፏ አረፋ ደፍቃ ተንገዳገደች። ከዚያ ቡሬ፣ ከዚያ ሁለቱ በሬዎቼ። ደም አስቀመጣቸው። ደም ነው የምልሽ፤ በረቱ ቄራ መሰለ። መሬት እየደበደቡ፣ ዓይናቸው ተገልብጦ፣ እንደ ሰው እያቃሰቱ ሞቱ። ጥጃዋ የሞተች እናቷን ጠብታ ስትወድቅ ሙኽታር በመጥረቢያ አንገቷን ብሎ ገላገላት፤ ደሟን ፊቱ ላይ እንደያዘ ዋለ። ሬሳ የላሱ ውሾች አብረው ተጋደሙ። በሐሮ ሜዳ እምቧ የሚል ድምፅ የለም።

ገባኝ አሁን። ባልሽ ሣሩን በሽቦ ወሰደብን። ከብት እያለን አገር እንደማንለቅ ስላወቀ ከብቱን ጨረሰው። ያንቺን የዋህ እጅ መላኪያ አደረገው። ዋርካው ሥር የጨበጥኩትን ያንን እጁን ከክንዱ ካልለየሁት የአባቴ ልጅ አይደለሁም።

ልጆቹ እዚህ ያለውን የጉሎ ፍሬ መጋዘን እናቃጥል ብለው ተነስተዋል። ሙኽታር ጀሪካን ይዟል። ተው አላልኩትም።

ሙዘሚል

*

ሰሚት
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሙዘሚል፣

ይህ ወረቀት ከእጅዎ ሲገባ ቆመው እንኳ ቢሆን፣ ሌላውን ሁሉ ትተው ሙኽታርን ይያዙት። በገመድ ይሰሩት፣ ይምቱት፣ እንደፈለጉ ያድርጉት፤ ወደ መጋዘኑ እንዳይሄድ። ሀይደር ቢሮ ውስጥ ሰምቷል፤ አዲስ ዘበኞች ወርደዋል፣ የቀረበውን ተኩሱ ተብለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል!

ሀይደር አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ ብለው በጉዲና በቃል ጠይቀውኛል። እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። እርስዎ ላኪ አሉኝ፣ እኔ ላክሁ። እሱ አገር ውስጥም አልነበረም። ተመልሶ ሲሰማ ግድግዳውን በቡጢ መትቶ «የጉሎ ፋጉሎ ሳይቀቀል መርዝ ነው፤ ቆዩ ያልኳቸው ለዚህ ነበር!» እያለ ጮኸ። መርዝ እንደሆነ ለምን አልነገርካቸውም ስለው፣ መርዝ ነው ቢባል ማንም መሬቱን አይለቅም ነበር አለኝ። ይህን አልከላከልለትም። በዚህ ጥፋተኛ ነው፤ ወደፊት እርስዎ ፊት ቆሞ ይናገር። ከብቶቹን ግን እሱ አልገደለም።

እኔ ከብት ቤት ያደግሁ፣ መኖ የምነግድ ሴት፣ ፋጉሎ ሁሉ ፋጉሎ መስሎኝ አረፈው። በኑጉ የለመደ እጄ ሳይጠይቅ ጫነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም። እኔን ይርገሙኝ። እዚህ ሱቁን ዘግቼ ተቀምጫለሁ፤ ሰው «ፋጉሎ አለ?» ብሎ ሲያንኳኳ አልከፍትም።

ሙኽታርን፣ በእናቱ አፈር ይሁንብዎት።

ናዲያ

*

ሐሮ ሜዳ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናዲያ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሙኽታርን ቀብረን ስንመለስ ነው። መቃብር ላይ የቆመው ጉዲና ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቅሽ። ሽቦው ላይ ነው የመቱት። ጀሪካኑን ሳይከፍተው። ሆዱን ሁለት እጁን ጭኖበት እስከ ዋርካው በእግሩ መጣ፤ እዚያ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። «አባ፣ ሞቀኝ» አለኝ። ሌላ አላለም። የያዝኩት ጨርቅ፣ ጋቢዬ፣ መሬቱ፣ ሁሉም ራሰ። መጋዘኑን ሌሎቹ አነደዱት፤ የጉሎ ፍሬ ሲነድ ዘይቱ እየፈነዳ ሌሊቱን ሁሉ ነደደ። ከዘበኞቹ አንዱን ከነልብሱ እሳቱ ውስጥ መለሱት። ጩኸቱን ሰማሁ። ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ ጽፌልሻለሁ፤ ወንድምሽ እንዲህ ሆኗል።

እኔ ነኝ ላልሽው፤ አላመንኩሽም። ሚስት ባሏን ለማዳን ትዋሻለች። እናታችንም ትዋሽ ነበር። አልቀየምሽም። የተኮሰው ልጅ ደሞዝ ተቀባይ ነው፣ የት እንደሄደም አይታወቅ። የማለው ግን ሀይደር ነው። «እኔን ጠይቁኝ» ብሏል፤ እጠይቀዋለሁ። የልጄ ደም ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም።

አባጋሩ ግን ለመኑኝ፤ ለሳቸው ስል አንድ በር ከፍቻለሁ። ሀይደር ወርዶ ዋርካው ሥር ይቅረብ። በገዛ እግሩ እዚያ ጥላ ውስጥ የገባ ሰው፣ ምንም ይሥራ ምን፣ እንደማይነካ ታውቂያለሽ። ያባታችን ገዳይ እዚያ ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ በዓይንሽ አይተሻል። ይምጣ፣ ሳያውቅ ከሆነ ይናገር፣ ደሙ ይደርቃል። ሚያዝያ እስኪገባ እጠብቃለሁ። ካልመጣ እኔ እመጣለሁ። የት እንደምቆም ታውቂያለሽ።

ሙዘሚል

*

ሰሚት
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሙዘሚል፣

አላህ ሶብሩን ይስጥዎት። ሙኽታርን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደማለቅስ አልጽፍልዎትም።

ሀይደር ለምን እንዳልመጣ ጠይቀዋል። ሊመጣ ነበር። ድርጅቱ አትሄድም ብሎት መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎላቸው ወጣ። ሥራ የለውም አሁን። ሻንጣውን ይዞ «የማልኩት እኔ ነኝ፣ ልቁም» አለ። በሩ ላይ የተኛሁበት እኔ ነኝ። ሂክማን ከጎኔ አስተኝቼ፣ ረግጠኸን እለፍ አልኩት። አልረገጠንም። ተመለሰ።

ዋርካውን አላመንኩትም ጋሼ። ይኸው እውነቱ። እዚህ ብዙ ዓመት ከርሜ፣ መገናኛ ላይ ሰው ተደብድቦ ሲወድቅ ሕዝብ በስልኩ ሲቀርፅ አይቼ፣ አንድ ዛፍ ሰው ያድናል ብዬ ማመን አቃተኝ። የእርስዎን ዓይን አሰብኩ። «ደስ አለኝ» ያሉትን አሰብኩ። አሁን ግን ሳስበው ሳስበው፣ የሚያድነው እዚያ መቅረቡ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ከጁምዓ በኋላ ሦስታችንም እንወርዳለን። እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ፤ ነጠላዬን አውልቄ መሬት ላይ አነጥፋለሁ፤ ሊመቱ ከፈለጉ እሱን ረግጠው ነው የሚያልፉት።

እስከዚያ ይህንን ያንብቡ። የየካቲት ሦስቱን ደብዳቤዎን አብሬ መልሼልዎታለሁ። «ሀይደርን አትጠብቂው፣ ፈቃድም አትጠይቂው» ይላል፤ የራስዎ የእጅ ጽሕፈት ነው። የምልክልዎ ልወቅስዎ አይደለም። ውሸታም አለመሆኔን እንዲያዩ ነው። ከብቶቹን የገደልናቸው እኔና እርስዎ ነን፣ እንዲተርፉልን ብለን።

እስክንመጣ ይጠብቁን። ይጠብቁን።

ናዲያ

*

ሰሚት
ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙዘሚል፣

ከእንግዲህ አንተ እልሃለሁ። እርስዎ የምለው ወንድሜ መገናኛ ላይ ቀርቷል።

ከእስር ቤት የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። ብዙ ጠይቀኸኛል፤ እንደቻልኩ እመልሳለሁ።

የሚያዝያ ሁለቱ ደብዳቤሽ አልደረሰኝም ላልከው፣ አውቃለሁ። ጉዲና እንዳለ መልሶ አመጣልኝ። የእሱ አውቶቡስ ወደ ታች ሲወርድ አንተ በጭነት መኪና ወደዚህ እየወጣህ ነበር። ጣርማ በር ላይ ተላልፋችሁ ይሆናል። እንወርዳለን ያልንበት ጁምዓ ሊደርስ አንድ ጠዋት ሲቀረው ነው ሀይደርን ያገኘኸው። የት እንደሚቆም የነገርኩህ እኔ ነኝ፤ ግራጫ ኮት ይለብሳል ያልኩህም እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ቢሮ አልነበረውም። ለጉዟችን የአውቶቡስ ቲኬት ሊቆርጥ ወደ ላምበረት ነበር የሚያልፈው፤ ልማዱ ይዞት ሻዩን ሊጠጣ ቆመ።

ሻይ ሻጯ ነገረችኝ። ሲያይህ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ጋሼ፣ ልንመጣ ነበር» እንዳለህ። የመጀመሪያው ምትህ ሆዱ ላይ፣ ሁለተኛው አንገቱ ላይ። ኮቱን እኔ ነኝ የተረከብኩት። አጠብኩት። ውሃው ሦስት ጊዜ ተቀይሮ ቀላ። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም፣ የሚለብሰው የለም።

ሀይደር ግድግዳ መታ ብዬ የጻፍኩልህ ውሸት ነበር። የመታው እኔን ነው፤ በጆሮዬ አሁንም በደንብ አልሰማም። ያኔ ብነግርህ ለዚያ ስትል ትገድለዋለህ ብዬ ደበቅሁህ። ለእሱ የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው፤ አንተ ያመንከኝም በዚህ ብቻ ነው። እውነቱን ስነግርህ አላመንከኝም።

ሂክማ ምን አለች ብለሃል። አጎቴ ለምን አልመጣም፣ ቀብር ላይ ሁሉም መጥቶ ብላኛለች። ገና አልነገርኳትም።

አባጋሩ መልእክት ልከዋል። ደሙ ይድረቅ ይላሉ፤ የገዳይ ወገን ካሣ ያቅርብ፣ የሟች ወገን ይቀበል። ሀይደር አባትም ወንድምም የለውም፤ ወገኑ እኔና ሂክማ ነን። ያንተም ወገን፣ ሙኽታር ከሄደ፣ እኔ ነኝ። ዋርካው ሥር በየትኛው በኩል ልቀመጥ? አባጋሩን ይህንኑ ጠየቅኳቸው። ዋርካውም ቢሆን ብዙ አይቆይም አሉ። የተቃጠለው መጋዘን እንደ አዲስ ይሠራል፤ እርሻው እስከ ዋርካው ይሰፋል። ሰው ከብት ስለሌለው ሣር አይጠይቅም፤ ግማሹ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ጉሎ ይለቅማል፣ ግማሹ ከተማ ገብቷል። ጉዲና እንደሚለው አውቶቡሱ ሲወርድ ባዶውን ነው።

መጨረሻ ላይ «ለምን ስንቅ ታመጪልኛለሽ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሌላ ሰው ስለሌለህ ነው። እናታችን ስትሞት አንተ በእጅህ ስላጎረስከኝ ነው። ይቅር ብዬህ አይደለም፤ ይቅር አላልኩህም፣ ማለትም አልችልም። ግን እስረኛም እንደ ከብት ነው፣ ቀጠሮ አይበላም።

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ሳህኑን ከመቀበሉ በፊት «ቅመሺ» ይለኛል። መርዝ እንዳይኖርበት ነው፤ ስንቅ የሚያመጣን ሁሉ እንዲሁ ያደርጋሉ። «ምኑ ነሽ?» ሲለኝ እህቱ እላለሁ፤ የሟች ሚስት መሆኔን አያውቅም። በፊቱ እጎርሳለሁ፣ አላምጬ እውጣለሁ፣ ቆሞ ያየኝና ሳህኑን ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ያን ቀን መጋዘኑ በር ላይ ያን ጆንያ ሳስጭን እንደሱ ያለ አንድ ሰው ቢኖር ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ።

ነገ ሽሮ ነው። ቀምሼ እሰጠዋለሁ፤ አንተም ብላ።

ናዲያ